አንድ ጊዜ ብቻ የተለመነ ሕዝብ

እኛ ዘንድ «እምቢ» ብዙ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እምቢ ሰላምታ ነው፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «ግቡ፣ እህል ቅመሱ» ሲባል «ኧረ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» እንደማለት ነው፤ ባዩ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም ይሆናል። ሁለተኛው እምቢ ጋባዡን መመዘኛ ነው። የምሩን ነው ወይስ ለወጉ? የምሩን ከሆነ እጅ ይጎትታል፣ ይቆጣል፣ «አፈር ስሆን» ይላል። ሦስተኛው እምቢ ድምፁ ለስለስ ይላል፤ አፍ ገና እምቢ እያለ ወገብ ለመቀመጥ ጎንበስ ብሏል። የምር እምቢ የሚባለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እሱም እምብዛም አይመጣም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የማያውቅ ካለ ሳይበላ የሄደ እንግዳ ብቻ ነው።

መግደርደር ይባላል። አዲስ አበባ ላይ እየሞተ ያለ ጥበብ ነው፤ በካፌ አስተናጋጅ ፊት የተግደረደረ ሰው ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ ይውላል። እኔ ከተሜ ነኝ። በአንድ ጥሪ እሺ ማለት ከለመድኩ ቆየሁ። በዚህም የተነሳ ጎጃም ዘመዶቼ ጋ ስሄድ በፊቴ «ጨዋታ አዋቂ»፣ ከኋላዬ «ሆዳም» እባላለሁ።

ይሁን። ነገሬ ስለ ምግብ አይደለም። ስለ ሕገ መንግሥት ነው።

የእናቴ አጎት አያ ጥሩነህ ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በርበሬያቸው ቡሬ ገበያ ላይ ስም አለው። እሳቸው ደግሞ ሌላ ስም አለኝ ይላሉ፦ ጋፋት። ከዓባይ ወዲያም ወዲህም የኖረ፣ የራሱ ቋንቋ የነበረው ሕዝብ ነው። መጻሕፍት «ጠፋ» ይላሉ። እርግጥ መጻሕፍቱ ጠፋ የሚሉት ቋንቋውን ነው፤ አንባቢ ግን ቸኩሎ ሕዝቡንም አብሮ ይቀብረዋል። የተቀበረው ሕዝብ ሽንዲ አካባቢ በርበሬ እየለቀመ ነው።

አንድ ጊዜ ቋንቋው እንዴት እንደጠፋ ጠይቄያቸው ነበር። ጦርነት፣ ረሃብ፣ የንጉሥ ቁጣ ይነግሩኛል ብዬ ጆሮዬን አሹዬ ተቀመጥኩ።

«በእንግዳ ምክንያት ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ የሚናገር እንግዳ ቤት ይገባል። እንግዳ ፊት እሱ በማይሰማው አፍ ማውራት ነውር ነው፤ የታማ ይመስለዋል። ስለዚህ አባቶች እንግዳው እስኪሄድ ድረስ በእንግዳው አፍ አወሩ። እንግዳው ግን አልሄደም። ልጅ ዳሩለት፣ በሬ ጠመደ፣ ጎጆ ቀለሰ፣ አበልጅ ሆነ። «አንተ የዚያ እንግዳ የልጅ ልጅ ነህ፤ እኔም ነኝ» አሉ፤ ቂም የለበትም አነጋገራቸው። የእንግዳ አቀባበላቸውን ማማር ለመናገር ያህል ነው። እኔ ግን አንድ ሕዝብ ቋንቋውን በጨዋነት ሊያጣ እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ስንት የታሪክ መምህር ፊት ተቀምጬ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉ ቋንቋ አያ ጥሩነህ ጋ አንዲት ቃል ቀርታለች። አያታቸው ጥጃ ሲጠሩ የሚሏት ቃል ናት ይላሉ። የጋፋት ትሁን የአያታቸው ብቻ ትሁን እሳቸውም አያውቁም፤ ለማንም ተናግረዋትም አያውቁ። ሰው ቢጠይቅም አንዴ ጠይቆ ይተዋል።

አንድ ነገር ይፈልጋሉ። መሬት አይደለም፣ ወረዳ አይደለም፣ ባንዲራም አይደለም። ሕግ በሚወጣበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ «ጋፋት አለ» እንዲል ይፈልጋሉ። ከተቻለም ያ ሰው እሳቸው እንዲሆኑ። ይህን ሁለተኛውን በአፋቸው ብለውት አያውቁም፤ ቤተሰቡ ግን በሙሉ ያውቃል። ለዚያ ቀን ሲሉ አንድ አዲስ ጋቢ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ለምንድን ነው የማይለብሱት ሲባሉ «ለመቀበሪያዬ ነው» ይላሉ።

*

መንገዱ ክፍት በሆነበት በአንድ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ የምክክር ስብሰባ ተጠራ። ሕገ መንግሥቱ ቢሻሻል ቁጥራቸው ያነሰ፣ ስማቸው የተዘነጋ ነባር ሕዝቦች እንዴት ይታወቁ፣ በምክር ቤት ማን ይናገርላቸው የሚል ነው ጉዳዩ። ጋፋት ነን ከሚሉትም አንድ ተወካይ ተመርጦ አዲስ አበባ ወደሚካሄደው ትልቁ ጉባኤ ይላካል ተባለ። አንድ።

እኔ እንደ አጋጣሚ ቡሬ ነበርኩ፤ የአያ ጥሩነህ ልጅ እትዬ ይታይሽ ቤት። የእህል ነጋዴ ናት። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው። «ሻጭ ሲግደረደር ዝናብ ይመጣል» ትላለች፤ በዚህ ጠባይዋም አባቷ አይደሰቱባትም። የሴት ልጅ ወግ ጎድሏታል ባይ ናቸው። እሷም ስብሰባው ላይ ተጠርታለች፣ በነጋዴ ሴቶች በኩል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ደጋፊ ነኝ ብዬ ተከተልኩ።

አያ ጥሩነህ ከሽንዲ በማለዳ መጡ። ጋቢውን ለብሰዋል።

መናኸሪያ ሚኒባሱ ሞልቶ የቀረው ጋቢና ብቻ ነበር። ረዳቱ «ይግቡ አባቴ» አላቸው። «ኧረ እኔ ከኋላ ይሻለኛል» አሉ፤ ከኋላ ቦታ እንደሌለ እያዩ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ተነስተው ለመኗቸው። አንዲት እናት ልጅ እንዳዘለች ወርዳ ለመነቻቸው። ረዳቱ ሰዓቱን እያየ ሦስተኛውን እምቢ እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ የአገሩ ልጅ ነውና ያውቃል። ከዚያ ገቡ፤ እስከ ፍኖተ ሰላምም የመንገዱ ባለቤት እሳቸው መሰሉ። እዩልኝ፤ ሹፌርና ረዳት የሚያውቁትን ጉባኤ ሳያውቅ ሲቀር ነው ይህ ወግ የሚመጣው።

አዳራሹ ሞልቷል። መጀመሪያ ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለና አቶ ፋንታሁን የሚባሉ ሰው ተጠቆሙ። የኛው አገር ሰው ናቸው፤ ኑሯቸው ባሕር ዳር ነው፣ ሕግ አዋቂ ናቸው። ተነሱና «ታላላቆቼ ባሉበት እኔ መድረክ ላይ? ኧረ አይሆንም» አሉ። ቤቱ ለመነ። «ሌላ ፈልጉ» አሉ። ቤቱ አጉረመረመ፤ አያ ጥሩነህ ራሳቸው ከመሃል ተነስተው «አፈር ስሆን ልጄ፣ እኛን አታሳፍረን» አሏቸው። በሦስተኛው ኮታቸውን ቆልፈው ወንበሩ ላይ ተገኙ። ሁላችንም አጨበጨብን። ይህችን ነገር ያዟት።

ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አቶ ፋንታሁን ሕጉ አንድን ሕዝብ ሕዝብ ለማለት ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቋንቋ መሆኑን አስረዱ። «ታዲያ ቋንቋ የሌለው ምን ይባላል?» ሲባል «እሱን ነው የምንመካከረው» አሉ። አንዱ ተነስቶ፣ ነባር የሚባለው ማን ነው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትናንት የመጣ ካለ እጁን ያውጣ አለ፤ ሳቅን። ሌላው፣ ልብስ ሰፊ ይመስለኛል፣ ለእያንዳንዱ ስም ከተሰጠ አገሩ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ አለ። ይህን ሲል ማንም አልሳቀም። ፍርሃቱ የብዙዎቻችን ነዋ።

አያ ጥሩነህ በቀስታ ተነሱ። «ስድስት ልጆች አሉኝ» አሉ። «እያንዳንዱን በየስሙ እጠራለሁ። እስካሁን በስሙ ስለጠራሁት ከቤት የወጣ የለም። ስሙ ጠፍቶብኝ ‘አንተ’ ያልሁት ቀን ነው የሚያኮርፈው።»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለት ይሁን አይደለም ማለት አልገባኝም።

ወዲያው ተወካይ ይመረጥ ተባለ። ከኋላ አንድ ድምፅ «አያ ጥሩነህ» አለ፤ ከፊትም «አያ ጥሩነህ» ተባለ። ሌላ ስም አልተሰማም። አያ ጥሩነህ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የጠበቁት ቀን መጣ። አፋቸውን ከፈቱ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ። የተማረ ሞልቶ። እኔን ተዉኝ።»

ከዚያም የሚለመኑበትን ጊዜ ለመስጠት ያህል ቀና ብለው ቆዩ።

አቶ ፋንታሁን ብዕራቸውን አነሱ። «እናመሰግናለን አባታችን። ፈቃደኛ አይደሉም። ሌላ ጥቆማ?»

ዝም ተባለ። ዝምታው የማዘን አልነበረም፤ ያልገባን ዝምታ ነበር፤ ደረጃ ወጥቶ አንድ እርከን የጎደለበት ሰው ዓይነት። ከዚያ አንድ ሰው ተደናግጦ ጎረቤቱን መሪጌታን ጠቆመ። መሪጌታ እንደ እሳት የነካው ሰው ተነሱና «አያ ጥሩነህ ቆመው እኔ? ይቅር ይበለኝ» ብለው ተቀመጡ። አንድ ከቡሬ ካምፓስ የተመረቀ ወጣት ተጠቆመ፤ «ሲስተሙ ራሱ ታላቅን ነው የሚያስቀድመው፣ እኔ ፋዘርን ዘልዬ አልሄድም» አለ። ሌላም ተጠቆመ፤ እሱም እምቢ። ልብ በሉ፤ ሁሉም እምቢ ያሉት አያ ጥሩነህን ለማክበር ነው፤ እያንዳንዱ እምቢታ ለእሳቸው የቀረበ ልመና ነው። ብዕሩ ግን ልመና አይሰማም። አቶ ፋንታሁን ለቃለ ጉባኤ ያዡ አስጻፉ፦ «የጋፋት ተወላጆች ተወካይ ለመላክ ፍላጎት አላሳዩም።»

ለምሳ ተበተንን።

*

አያ ጥሩነህ ግቢው ውስጥ ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አልከፋቸውም። የገረመኝ ይህ ነው፤ ፊታቸው የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። «ገና አልለመኑኝም እኮ» አሉኝ፤ «ሲበሉ ይመጣሉ።» አስተናጋጇ ሳህን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይበላሉ?» «ኧረ እኔ አሁን ነው የበላሁ።» አስተናጋጇ አልፋ ሄደች። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

አቶ ፋንታሁንን ፈልጌ አገኘኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወግ ላይ ክፉ ሰው ቢኖር ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር።

«አያ ጥሩነህ እኮ እምቢ አላሉም» አልኳቸው።

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጠዋት እርስዎም ሲሉ ሰምተናል።»

ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው። መድረክ ላይ ሲወጡ ነገሩ ከአእምሯቸው እንደ ወጣ፣ ወረቀቱ «ተቀበለ» እና «አልተቀበለም» እንጂ ሌላ ቦታ እንደሌለው ነገሩኝ። «ስንመለስ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሄድኩ ሰብሳቢው ወገነ ይባላል። እሺ ይበሉ በላቸው።»

እሺ ይበሉ በላቸው። ቀላል ነው? ሽማግሌን «አይግደርደሩ» ማለት «እየፈለጉ ነው» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በአደባባይ ጋቢ ከመግፈፍ አይተናነስም። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። ስለ ጊዜ መለወጥ አወራሁ፣ ስለ ሚኒባስ፣ አንዴ ጥሩምባ ነፍቶ ስለሚሄድ ሚኒባስ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና ሳይዙ ሳይለቁ መለሱልኝ።

«አንድ ጊዜ ተለምኖ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ ማን ላከህ ቢሉት ምን ይላል? እግሬ ላከኝ ይላል? ሕዝብ ለምኖኛል ለማለት ሕዝብ መለመን አለበት።»

ምርጫ ቦርድ ቢሰማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ይታይሽ አጠገባችን ቆማ ሰምታለች። እሷ ዝም ስትል ዋጋ እያሰላች ነው።

ከሰዓት አቶ ፋንታሁን ቃላቸውን ጠበቁ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «የጋፋትን ውክልና በተመለከተ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ። አባታችን አያ ጥሩነህ፣ ይቀበላሉ?» አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የሚለውን ጫን አሉት። እኔን አዩኝ።

አያ ጥሩነህ ተነሱ። ተረድተዋል፤ ከአቋቋማቸው አየሁ። እሺ ሊሉ ነው የተነሱት፤ ይህን በማተቤ እመሰክራለሁ። ግን ዕድሜውን ሙሉ «ኧረ እኔ» ብሎ የጀመረ አፍ በአንድ ከሰዓት ሌላ መጀመሪያ ከየት ያመጣል?

«ኧረ እኔ እንኳ…»

ብዕሩ ወረደ።

«እሺ። እኔ እሄዳለሁ።»

ከኋላ ነው የመጣው። እትዬ ይታይሽ ቆማለች። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ «አባቷ ቆመው» አለ፤ ሌላው «ምን ጊዜ ላይ ደረስን» አለ። አቶ ፋንታሁን ግራ ገብቷቸው «ማን ጠቆመዎት?» ሲሉ ጠየቋት።

«ማንም። እምቢ ያላልሁ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ነው።»

የሚደግፍ እጅ ያውጣ ተባለ። ረጅም ጊዜ ምንም እጅ አልወጣም። ከዚያ የመሪጌታ እጅ፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው እጅ ዝግ ብሎ፣ ወጣ። የካምፓሱ ልጅ ተከተለ። ከዚያ ብዙ እጅ ሆነ። የአያ ጥሩነህ እጅ ጋቢው ውስጥ ነበር፤ ተነሳ አልተነሳ ያየ የለም። ተቀመጡ።

*

በመልሱ ሚኒባስ ጋቢናው ተለቀቀላቸው፤ ገቡ። እትዬ ይታይሽ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆና የአባቷን ማጅራት ስታይ ቡሬ ደረስን። እኔ መሃል ነበርኩ። መሃል መሆን የከተሜ ዕጣ ነው።

ቤቷ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በጓሮ በኩል ባጃጆች ይጮሃሉ። አያ ጥሩነህ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ እሷ ይህን ታውቃለች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ችግሯ ገባኝ። ብሉ ብትላቸው እምቢ ይላሉ። ግን የትኛው እምቢ ይሆናል? የወጉ ወይስ የቁጣው? እስከዛሬ የአባቷን እምቢታ በድምፁ ትለየው ነበር፤ ዛሬ አደባባይ ላይ አባቷን ቀድማ ከተናገረች በኋላ ግን መስማቱን ፈራች።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፤ «እህል ላቅርብልዎ?»

«እሺ።»

ሁለታችንም ደነገጥን። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤተሰብ ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ይታይሽ ሮጣ ሄዳ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

«አሞዎታል እንዴ?»

«አልታመምሁም» አሉ። «ርቦኛል። አቅርቢ።»

በሉ። ደህና አድርገው በሉ። እጃቸውን ስታስታጥባቸው እትዬ ይታይሽ ቀስ ብላ፣ እዚያ ስደርስ ቋንቋችሁ የታል ሲሉኝ ባዶ እጄን እንዳልቆም ያችን ቃል ይንገሩኝ አለች።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ» አሉ አያ ጥሩነህ። «የአያቴ ወሬ ትሆናለች።»

እኔ የከተማው ሰው በቃ አለቀ አልኩ። እሷ ግን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ማስታጠቢያውን አስቀመጠች፤ መጥታ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች፤ ያ ሁሉ አዳራሽ የነፈጋቸውን ነገር ጉልበታቸውን ይዛ ጀመረችው።

«አፈር ስሆን፣ አባዬ።»

«ተይ አንቺ ልጅ» አሉ። ድምፃቸው ለስልሷል።

እዚያ ላይ ተነስቼ ወጣሁ። ሦስተኛው ልመና የኔ አልነበረም። ቃሏንም እስከ ዛሬ አላውቃትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ይታይሽ ለጉባኤው አዲስ አበባ ስትመጣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ሕጉ ይለወጥ አይለወጥ፣ ቋንቋውን ለእንግዳ የሰጠ ሕዝብ በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ፣ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቁትም አልተስማሙም። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ግን ያን አዲስ ጋቢ ደርባ ነበር።

«የመቀበሪያቸውን ሰጡሽ?» አልኳት።

ቅር ብሏት አየችኝ፤ የማን ልጅ መሰልኩህ ዓይነት።

«ሦስት ጊዜ እምቢ ብያቸዋለሁ» አለች።